ቺኑክ ቲንስሊን አሸንፏል ወይ? የአንድ የዳማ ግጥሚያ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጥናት የሚመረምረው አንድ ጉዳይ ነው፤ እሱም በካናዳ በሚገኘው የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ቺኑክ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም በዳማ ታሪክ አቻ ካልተገኘላቸው ከአሜሪካዊው ማሪዮን ቲንስሊ ጋር ከ1990 እስከ 1994 ያደረገው ፉክክር፣ እንዲሁም ፉክክሩ ሳይቋጭ ከተቋረጠ በኋላ በ2007 የተደረሰበት ውጤት ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስለ ሰውና ስለ ኮምፒውተር ፉክክር ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር በ1997 ኒው ዮርክ ላይ የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን 3.5 ለ2.5 የረታበት የቼዝ ግጥሚያ ነው። እዚህ ሐዋሳ ግን ቼዝ ከሚያውቀው ሰው ይልቅ ዳማ የሚያውቀው እጅግ ይበዛል። በፍቅር ሐይቅ ዳርቻ ባሉ ዛፎች ጥላ ሥር፣ በአቶቴ አካባቢ ባሉ ሱቆች በረንዳ ላይ፣ በእስክሪብቶ በተሰመረ ካርቶን ወይም በእንጨት ሰሌዳ ላይ የለስላሳና የቢራ ቆርኪ ተደርድሮ፣ የአንዱ ወገን ቆርኪ ወደ ላይ የሌላው ወደ ታች ተገልብጦ ሲጫወቱ ማየት የዘወትር ነገር ነው። ስለዚህ የኮምፒውተር ሳይንስ የሚማሩ ወጣቶችና ለብዙ ዓመታት ዳማ የተጫወቱ ሰዎች አንድ ላይ ተቀምጠው እንዲወያዩበት የሚሆን ጉዳይ እንድመርጥ ስጠየቅ፣ ሁለቱም ወገኖች በእኩል ደረጃ ሊናገሩበት የሚችሉት ይህ ጉዳይ መሆኑን ለመወሰን አልተቸገርኩም። ተማሪዎቹ ስለ ፕሮግራሙ፣ ተጫዋቾቹ ደግሞ ስለ ጨዋታው ያውቃሉ፤ አንዱ ያለ ሌላው ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ሊከታተለው አይችልም።

ተጋጣሚዎቹ

ማሪዮን ቲንስሊ በ1927 በኦሃዮ ግዛት ተወለዱ። በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ የነበራቸው፣ በፍሎሪዳ በዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ፣ በቤተ ክርስቲያንም ይሰብኩ የነበሩ ሰው ናቸው። ከ1955 እስከ 1958 የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ፤ ከዚያም ማንም ሳያሸንፋቸው ከሻምፒዮና ውድድር ራሳቸውን አገለሉ። ሲመለሱ ደግሞ ከ1975 እስከ 1991 ማዕረጉን ያዙ። ከ1950 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በውድድር የተሸነፉባቸው ጨዋታዎች አሥር አይሞሉም። ዳማ የሚጫወት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ አምስትና ስድስት ጊዜ መሸነፍ በየትኛውም ሰሌዳ ዙሪያ የተለመደ ነውና።

በዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው የሚገጥመው አንድ ችግር አለ። ተጋጣሚዎቻቸው እሳቸውን ማሸነፍ እንደማይችሉ ስለሚያውቁ ከመጀመሪያው አንሥተው እኩል ለመውጣት ብቻ ይጫወቱ ነበር። ቲንስሊ ከኮምፒውተር ጋር መጫወትን የወደዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ፕሮግራሙ ስማቸውን አይፈራም፣ ጥሩ መስሎ የታየውን መንገድ ሁሉ ይገባበታል። ስለ ራሳቸውና ስለ ቺኑክ ሲጠየቁም ከቺኑክ የተሻለ ፕሮግራም አዘጋጅ እንዳላቸው፣ የቺኑክ አዘጋጅ ጆናታን ሲሆን የእሳቸው ግን ጌታ እንደሆነ ይናገሩ ነበር።

ጆናታን የተባሉት የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁሩ ጆናታን ሼፈር ናቸው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ቺኑክን መሥራት የጀመሩት በ1989 ሲሆን ዓላማቸውም ከመነሻው ሁለት ነበር፤ አንደኛው የዓለም ሻምፒዮኑን የሚረታ ፕሮግራም መሥራት፣ ሁለተኛው ደግሞ ጨዋታውን ራሱን መፍታት፣ ማለትም ሁለቱም ወገኖች ስሕተት ሳይሠሩ ቢጫወቱ ውጤቱ ምን እንደሚሆን በማስረጃ ማወቅ ነው። እነዚህ ሁለት ዓላማዎች ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ይታያሉ። የዚህ ጥናት ዋና ሐሳብ ግን ፈጽሞ የተለያዩ መሆናቸው ነው፤ ጉዳዩን ልዩ የሚያደርገውም አንደኛው ዓላማ በሚገባ ሳይፈጸም ሁለተኛው መፈጸሙ ነው።

ፕሮግራሙ እንዴት ይጫወት ነበር?

ቺኑክ የተጫወተው ዳማ በእንግሊዝና በአሜሪካ ሕግ የሚደረገው ነው። ሰሌዳው 8 በ8 ነው፤ ጨዋታው የሚካሄደው በ32ቱ ጥቁር ቤቶች ላይ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ወገን 12 ጠጠር አለው። ተራ ጠጠር ወደፊት ብቻ ይሄዳል፣ ወደፊት ብቻም ይበላል፤ መጨረሻው ረድፍ ላይ ሲደርስ ይነግሣል። የነገሠው ጠጠር ወደኋላም ይመለሳል፣ ነገር ግን በአንድ ጊዜ ከአንድ ቤት በላይ አይንቀሳቀስም። መብላት ግዴታ ነው። በከፍተኛ ውድድሮች የመጀመሪያዎቹ ሦስት እንቅስቃሴዎች በዕጣ ይወጣሉ፤ ይህ የሚደረገው ታላላቅ ተጫዋቾች የለመዱትን አከፋፈት እየደጋገሙ ጨዋታውን ሁሉ በእኩልነት እንዳይጨርሱት ነው።

ፕሮግራሙ የሚያስበው በሦስት መንገድ ነበር ማለት ይቻላል። ለጨዋታው መክፈቻ፣ ከሰዎች የዳማ ዕውቀት የተሰበሰበና የተመረመረ የእንቅስቃሴ መዝገብ አለው። ለመካከለኛው ክፍል፣ እኔ እንዲህ ብሄድ እሱ እንዲህ ይመልሳል እያለ ብዙ እርምጃ ወደፊት ይፈትሽና በደረሰበት ቦታ የትኛው ወገን እንደሚሻል በነጥብ ይገምታል። ግምቱ የሚሠራባቸው መመዘኛዎች በሰው እጅ የተስተካከሉ ናቸው፤ ዛሬ እንደምናያቸው ፕሮግራሞች ከራሱ ጋር እየተጫወተ የተማረው ነገር አልነበረም። ሦስተኛው የመጨረሻው ክፍል ነው፤ የቺኑክ እውነተኛ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ።

ሰሌዳው ላይ አንድ ጠጠር ብቻ ቢቀር ስንት ዓይነት አቀማመጥ ሊኖር ይችላል? አንድ ተራ ጠጠር የሚነግሥበት ረድፍ ላይ ተራ ሆኖ ሊቆም ስለማይችል ከ32ቱ ቤቶች አራቱ ይቀነሱና 28 ቦታ ይኖረዋል፤ የሌላው ወገን ተራ ጠጠርም እንዲሁ 28፤ የነገሡት ደግሞ በሁለቱም ወገን 32፣ 32። ሲደመር 120 ይሆናል። ይህን በካርቶን ሰሌዳ ላይ ቆርኪ እያስቀመጡ መቁጠር ይቻላል። ሁለት ጠጠር ሲሆን ቁጥሩ ወደ 6,972 ያድጋል፤ ሦስት ሲሆን 261,224፤ አራት ሲሆን ከ7 ሚሊዮን ያልፋል። ከአንድ እስከ ስምንት ጠጠር ያሉት ሁሉ ሲደመሩ 443,748,401,247 ይደርሳሉ። የሼፈር ቡድን ለእነዚህ አቀማመጦች በሙሉ ውጤታቸው ማሸነፍ፣ መሸነፍ ወይም እኩል መሆኑን አስልቶ መዝግቧል። ስሌቱ የሚጀምረው ከጨዋታው ፍጻሜ ሲሆን ወደኋላ ይሄዳል፤ መንቀሳቀስ የማይችል ወገን ተሸንፏል፤ ወደዚያ አቀማመጥ ተጋጣሚውን ሊያስገባ የሚችል ወገን አሸንፏል፤ የትም ቢሄድ ተጋጣሚው ወደሚያሸንፍበት አቀማመጥ ብቻ የሚገባ ወገንም ተሸንፏል፤ እንዲህ እየተባለ ሁሉም እስኪሞላ ድረስ ይቀጥላል። በዚህ መንገድ የተመዘገበ ውጤት ግምት የለበትም። ፕሮግራሙ ወደፊት ሲፈትሽ ከመዝገቡ ውስጥ ካለ አቀማመጥ ከደረሰ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ጨዋታ እስከ ፍጻሜው ያውቀዋል።

ይህን ስገልጽ በውይይቱ ላይ ከነበሩት ተጫዋቾች አንዱ፣ በልብስ ስፌት ሥራ የሚተዳደሩና ወጣቶቹ ጋሼ የሚሏቸው አዛውንት፣ ነገሩን ወዲያው ያዙት። «እንግዲያው በመጨረሻው ላይ ስሕተት ብሎ ነገር የለውም ማለት ነው፤ ጥበቡ ስምንት ጠጠር ከመቅረቱ በፊት ማጥመድ ነዋ!» አሉ። ቲንስሊ ያደረጉትም ይህንኑ ነበር።

ከ1990 እስከ 1992

በ1990 ቺኑክ በአሜሪካ ብሔራዊ ውድድር ከቲንስሊ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። በደንቡ መሠረት ይህ ውጤት ለዓለም ሻምፒዮናው የመፎካከር መብት ያሰጣል፤ የአሜሪካና የእንግሊዝ የዳማ ማኅበራት ግን ማዕረጉን ለፕሮግራም መክፈት አልፈለጉም። ቲንስሊ በዚህ ጊዜ ያደረጉት ነገር በጉዳዩ ውስጥ ካሉት ሁሉ የላቀ ክብር የሚገባው ይመስለኛል። ከቺኑክ ጋር መጫወት እንዲችሉ ሲሉ ማዕረጋቸውን ለቀቁ። ማኅበራቱም በኋላ የሰውና የማሽን የዓለም ሻምፒዮና የሚባል ሌላ ማዕረግ አቋቁመው ግጥሚያውን ፈቀዱ። ሊሸሽ የሚችል ሰው ቢኖር እሳቸው ነበሩ፤ የሚያጡት እንጂ የሚያገኙት አልነበረምና።

በዚያው በ1990 ባደረጉት አንድ ጨዋታ ቺኑክ አሥረኛውን እንቅስቃሴ ሲያደርግ ቲንስሊ ለሼፈር በዚህ እንቅስቃሴ እንደሚጸጸቱ ነገሯቸው። በዚያ ሰዓት ፕሮግራሙ ራሱ የተሻለ ቦታ እንደያዘ ይገምት ነበር። ከ26 እንቅስቃሴ በኋላ ግን ቺኑክ እጁን ሰጠ። ሼፈር ኋላ ሲመረምሩት ቲንስሊ የመረጡት መስመር ከዚያ ቦታ ወደ ድል የሚያደርሰው ብቸኛ መስመር ሆኖ አገኙት፤ ጨዋታውን እስከ ፍጻሜው ለማየትም ከስልሳ በላይ እንቅስቃሴ ወደፊት መመልከት ያስፈልግ ነበር። ሰው ይህን የሚያህል መንገድ አንድ በአንድ አይቆጥርም። ቲንስሊ ያወቁት የአቀማመጡን ዓይነት ነው፤ ይህ ዓይነት አቀማመጥ ወዴት እንደሚወስድ በዕድሜ ልክ ጥናት ያውቁታል። ፕሮግራሙ ደግሞ የሚያየው እስከፈተሸው ርቀት ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ማዶ ያለው ለእሱ የለም። ጋሼ ያሉት ማጥመድ ማለት ይህ ነው።

የማዕረጉ ግጥሚያ በ1992 ለንደን ውስጥ ተካሄደ። ቲንስሊ 65 ዓመታቸው ነበር። 40 ጨዋታዎች ታስበው ነበር፤ አሸናፊው የታወቀው ግን በ39ኛው ነው። ቲንስሊ 4 አሸነፉ፣ 2 ተሸነፉ፣ 33 እኩል ወጡ። ቁጥሩ ቀላል ይመስላል፤ ሁለቱ ሽንፈቶች ግን በዳማ ዓለም ትልቅ ነገር ነበሩ፤ ለአሥርተ ዓመታት ለመሸነፍ የማይታሰቡ ሰው በአንድ ግጥሚያ ሁለት ጊዜ ተሸንፈዋልና። ከ14ኛው ጨዋታ በኋላ እንዲያውም ቺኑክ 2 ለ1 ይመራ ነበር።

በ18ኛው ጨዋታ የሆነው ነገር በውይይታችን ላይ ረጅም ክርክር አስነሥቷል። ቺኑክ በጨዋታው መካከል በቴክኒክ ብልሽት ምክንያት እንቅስቃሴ መምረጥ አቃተው፤ ጨዋታውም ለቲንስሊ ተቆጠረ። ተማሪዎቹ ይህ ከውጤቱ ሊቀነስ ይገባል የሚል ሐሳብ አነሡ፤ ብልሽቱ የመሣሪያ እንጂ የዳማ ችሎታ ጉድለት አይደለም፤ ስለዚህ እውነተኛው ውጤት 3 ለ2 ነው አሉ። ተጫዋቾቹ ግን አልተቀበሉትም። በሰዓቱ ያልሄደ ሰው፣ ራሱን አሞት ይሁን ሐሳቡ ጠፍቶት፣ ተሸንፏል ይባላል፤ ለማሽን ሲሆን ለምን ሌላ ሕግ ይኖራል የሚል ነበር መልሳቸው። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ፕሮግራሙ የማይደክም መሆኑ እንደ ብልጫ ከተቆጠረለት፣ ሊበላሽ የሚችል መሆኑም እንደ ድክመት ሊቆጠርበት ይገባል። ሰውየው በ65 ዓመት ዕድሜ ለተከታታይ ቀናት ሲቀመጡ ድካሙ ከውጤቱ አልተቀነሰላቸውም።

ቦስተን፣ 1994

በሁለት ዓመት ውስጥ ፕሮግራሙ በጣም ተሻሻለ፤ የመጨረሻው ክፍል መዝገብም ሰፋ። ይህ ማለት ቲንስሊ የሚያጠምዱበት ሜዳ ጠበበ ማለት ነው፤ ፕሮግራሙ በጨዋታው መካከል ሆኖ ሲፈትሽ ብዙዎቹ መስመሮች እርግጠኛ ውጤት ካለው አቀማመጥ ላይ ይደርሱ ነበርና።

ግጥሚያው በነሐሴ ወር 1994 በቦስተን የኮምፒውተር ሙዚየም ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ጨዋታዎች በሙሉ እኩል ወጡ። ከዚያ በኋላ ቲንስሊ ሆዳቸውን ታመሙ፤ መቀጠል ስላልቻሉም ማዕረጉን ለቺኑክ ለቀቁ። ሕመሙ የቆሽት ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ በሚያዝያ 1995 ዐረፉ። ቺኑክ በዚህ መንገድ ሰዎች በሚፎካከሩበት ጨዋታ የዓለም ሻምፒዮና ማዕረግ የያዘ የመጀመሪያው ፕሮግራም ሆነ።

በቲንስሊ ቦታ የተተኩት ዶን ላፈርቲ የተባሉ ታላቅ ተጫዋች ነበሩ። ከእሳቸው ጋር በተደረጉት 20 ጨዋታዎች አንድ አንድ ተሸናንፈው 18ቱ እኩል ወጡ። በ1995 እንደገና ሲገናኙ ቺኑክ 1 አሸንፎ 31 እኩል በመውጣት ማዕረጉን አጸና።

እዚህ ላይ ነው የጥናቱ ርእስ የሆነው ጥያቄ የሚነሣው። አንድ ተማሪ መዝገቡን ተከትሎ፣ «ጋሼ፣ በሕጉ መሠረት እኮ ያቋረጠ ተሸንፏል፤ ቅድም በ18ኛው ጨዋታ ላይ እርስዎ ራስዎ ያሉት ነው» አላቸው። እሳቸውም ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ «ልጄ፣ አንድ ጨዋታ መሸነፍ ሌላ፣ ሰውየውን መብለጥ ሌላ። ማዕረጉን ይውሰድ፣ ይገባዋል። ግን ስድስት ተጫውተው ስድስቱንም እኩል የወጡትን ሰው አሸነፍኩ አይበል» ብለው መለሱለት።

መልሳቸው ትክክል ነው፤ ከቁጥሩም ጋር ይስማማል። ቺኑክ ለማዕረጉ ከቲንስሊ ጋር ካደረጋቸው ሁለት ግጥሚያዎች አንዱንም በጨዋታ አላሸነፈም፤ አንዱን ተሸነፈ፣ ሌላው ሳይቋጭ ቀረ። የ1994ቱ ቺኑክ ከ1992ቱ እጅግ ይበረታ እንደነበር ግልጽ ነው፤ ቲንስሊ ጤነኛ ሆነው ቢቀጥሉ ያሸንፋቸው ነበር ብሎ መገመትም ይቻላል። ነገር ግን ግምት በዚህ ጉዳይ ላይ ሊቀበሉት የሚገባ አይደለም። ስድስት እኩል የወጡ ጨዋታዎች ለማንም አይመሰክሩም። ከላፈርቲ ጋር የተገኘው ውጤትም ቢሆን ቺኑክ በሕይወት ካሉት ተጫዋቾች ሁሉ ቢያንስ እኩል መሆኑን ያሳያል እንጂ ስለ ቲንስሊ አንድም ነገር አይጨምርም።

2007፦ ጨዋታው ሲፈታ

ሼፈር የቀረላቸው ሁለተኛው ዓላማ ነበር። ሥራው በ1997 ተቋርጦ በ2001 ኮምፒውተሮች ሲሻሻሉ እንደገና ተጀመረ። የመጨረሻው መዝገብ ወደ አሥር ጠጠር አደገ፤ በውስጡ ያሉት አቀማመጦች ወደ 39 ትሪሊዮን ሲደርሱ፣ ተጨምቀው የያዙት ቦታ 237 ጊጋባይት ብቻ ነበር። በአንዳንድ ጊዜያት እስከ 200 ኮምፒውተሮች በአንድ ላይ ይሠሩ ነበር። ውጤቱ በ2007 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታተመ፤ ሁለቱም ወገኖች ያለ ስሕተት ከተጫወቱ ዳማ እኩል ያልቃል።

በዳማ ሊኖሩ የሚችሉት አቀማመጦች በሙሉ ወደ 500 ቢሊዮን ቢሊዮን ይጠጋሉ። ይህን ሁሉ ማንም አልቆጠረም። ለማስረጃው ያስፈለገው ወደ 100 ትሪሊዮን የሚጠጋ ስሌት ነው፤ ይህም ከጠቅላላው እጅግ ትንሽ ክፍል ነው። ምክንያቱን መረዳት ለተማሪዎች በጣም ይጠቅማል። አንድ ወገን እንደማይሸነፍ ለማሳየት ተጋጣሚው ሊያደርግ የሚችለውን ሁሉ መፈተሽ ግድ ነው፤ ለራሱ ግን በየቦታው አንድ ጥሩ መልስ ካገኘ ይበቃዋል። ሌሎቹ መልሶች መጥፎ ይሁኑ ጥሩ ማወቅ አያስፈልግም። ሦስት እንቅስቃሴ ያላቸው አከፋፈቶች ወደ 300 ይደርሳሉ፤ ከመቶ በላይ የሚሆኑት እየተደጋገሙ አንድ ዓይነት አቀማመጥ ላይ የሚደርሱ ናቸው፤ ከቀሩትም ለማስረጃው የተፈቱት 19 ብቻ ሲሆኑ የሌሎቹ ዋጋ በመልሱ ላይ ለውጥ እንደማያመጣ በስሌት ተረጋግጧል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ዛሬ ቺኑክ ከመደበኛው መነሻ ተነሥቶ ሲጫወት ሊሸነፍ አይችልም፤ ይህ ስለ ቲንስሊም ስለ ሌላ ማንም ሰው እርግጠኛ መልስ ነው። ሁለተኛ፣ የ2007ቱ ማስረጃ በዕጣ ስለሚወጡት አከፋፈቶች ሁሉ መልስ አልሰጠም፤ ቲንስሊና ቺኑክ የተጋጠሙት ግን በእነዚያ ነበር። ስለዚህ በቦስተን የቀሩት ጨዋታዎች እንዴት ያልቁ እንደነበር ማስረጃው አይነግረንም። ማስረጃው ስለ ጨዋታው ነው፤ ግጥሚያው ስለ ሁለት ተጫዋቾች ነበር።

ከዚህ በኋላ ፕሮግራሞች በሌሎች ጨዋታዎች ያገኙትን ድል በዚህ ዓይን መለየት ይቻላል። ዲፕ ብሉ ካስፓሮቭን ረታ፣ ቼዝ ግን አልተፈታም። አልፋጎ በ2016 ሴኡል ላይ ሊ ሴዶልን 4 ለ1 አሸነፈ፣ ጎ የተባለው ጨዋታም እስካሁን አልተፈታም። በተቃራኒው አዋሪ የተባለውን፣ ከገበጣ ቤተሰብ የሆነውን ጨዋታ፣ በ2002 አምስተርዳም ውስጥ ጆን ሮማይንና ሄንሪ ባል በ144 ፕሮሰሰሮች 889 ቢሊዮን አቀማመጦችን አስልተው ፈተውታል፤ እሱም እኩል የሚያልቅ ሆነ። ከዚህ በመነሣት ገበጣ ተፈቷል የሚል ሰው ቢኖር ግን ይሳሳታል፤ በአገራችን ገበጣ ከቦታ ቦታ የረድፉም የጉድጓዱም የአጨዋወቱም ደንብ ይለያያል።

የሐዋሳ ሰሌዳና የ2007ቱ ማስረጃ

ይኸው የደንብ ጉዳይ ለራሳችን ዳማም ወሳኝ ነው፤ ውይይታችን ረጅም ሰዓት የወሰደውም በዚህ ላይ ነበር። በሐይቁ ዳርቻ ከሚጫወቱት መካከል የነገሠው ጠጠር በሰያፍ መስመሩ እስከፈለገው ድረስ ይሄዳል ብለው የሚጫወቱ አሉ፤ አንድ ቤት ብቻ የሚሉም አሉ። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በሰሌዳ ላይ አሳየን። ሁለት የነገሡ ጠጠሮች በአንድ ወገን፣ አንድ የነገሠ በሌላው ወገን ተቀመጡ። በእንግሊዝ ሕግ ብቻውን የቀረው ጠጠር ሁለት ቤት ወዳለው ማዕዘን ገብቶ ከአንዱ ወደ ሌላው ቢመላለስም፣ ሁለቱ ተባብረው ያስወጡታል፤ ጨዋታው ያልቃል። ከዚያ ደንቡን ቀየርን። የነገሠው ጠጠር እንደልቡ የሚሄድ ከሆነና ብቻውን የቀረው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን የሚያቋርጠውን ረጅሙን መስመር ከያዘ፣ ሁለት ቀርቶ ሦስት የነገሡ ጠጠሮች እንኳ ሊይዙት አይችሉም፤ ጨዋታው እኩል ነው። ከወጣቶቹ አንዱ በሦስት ቆርኪ ደጋግሞ ሞክሮ ሊያወጣው አልቻለም።

ሰሌዳው ያው፣ ቆርኪዎቹም ያው ሆነው ውጤቱ ከተለወጠ፣ በአንዱ ደንብ የተሠራው የ39 ትሪሊዮን አቀማመጦች መዝገብ ለሌላው ደንብ አይሠራም። የአቀማመጦቹ ቁጥር አይቀየርም፤ አንድ ጠጠር ሲቀር 120፣ ሁለት ሲቀሩ 6,972 መሆኑ ይቀጥላል፤ የእያንዳንዳቸው ውጤት ግን እንደ አዲስ መሰላት አለበት።

ተማሪዎቹ ይህን ሥራ ለመጀመር ወስነዋል። እስከ ሦስት ጠጠር ያሉት አቀማመጦች በድምሩ 268,316 ስለሆኑ ተራ ላፕቶፕ በቀላሉ ያሰላቸዋል፤ አራትና አምስት ጠጠርም ከአቅም በላይ አይደለም። ያስቸገራቸው የኮምፒውተሩ አቅም ሳይሆን ደንቡን በጽሑፍ ማስፈር ነው። ሁለት መብላት የሚችል ጠጠር የበለጠ የሚያስበላውን መንገድ መምረጥ አለበት ወይስ የፈለገውን? ተራ ጠጠር ወደኋላ ይበላል ወይስ አይበላም? እየበላ የነገሠ ጠጠር በዚያው ጉዞ እንደ ንጉሥ መብላቱን ይቀጥላል ወይስ እዚያው ይቆማል? በአቶቴ ያሉት ተጫዋቾች ለአንዱ የሰጡት መልስ የፍቅር ሐይቆቹ ከሰጡት ይለያል፤ ጋሼም ሁለቱንም ወገኖች በአንድ ሰሌዳ ዙሪያ አስቀምጠው ለማነጋገር ተስማምተዋል። እስከዚያው ተማሪዎቹ ለሁለቱም ደንብ የሚሆን ፕሮግራም እየጻፉ ነው፤ በሁለት ጠጠር ያሉት 6,972 አቀማመጦች ተሰልተው በሁለቱ ደንቦች መካከል የሚለያዩት ተለይተው ይቀርባሉ።